ገና የሚማር መሪ ተጫዋች

የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ብዙውን ጊዜ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል። በያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከነሱ አንዱ ኳርተርባክ ይባላል፤ የቡድኑ መሪ ማለት ነው። ኳሱ በቅድሚያ ለሱ ይሰጠዋል። ባላጋራዎቹ ሊጥሉት እየሮጡ ሲመጡበት፣ ልወርውር ወይስ ለጓደኛዬ ላቀብል ወይስ ራሴ ልሩጥ ብሎ ባንድ አፍታ ይወስናል።

አርች ማኒንግ የሚባል ወጣት በ2023 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አያቱም ሁለት አጎቶቹም በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው። ታዲያ ብዙ ሰው ልጁን ሳይሆን ስሙን አየ። እሱ ግን ሁለት ዓመት በአብዛኛው ተጠባባቂ ሆኖ ከነባሩ ተጫዋች ሥር ቆየ። በ2025 ቡድኑን እንዲመራ ተደረገ። ገና አንድ ጨዋታ ሳይደረግ ጋዜጠኞች ቡድኑን ካገሩ ኮሌጆች ሁሉ አንደኛ ነው ብለው መረጡት!

ወይፈን በተጠመደ በመጀመሪያው ቀን ትልሙ ቀጥ እንደማይል እኛ ገበሬዎች እናውቃለን። በነሐሴ መጨረሻ፣ ያለፈው ውድድር አሸናፊ በሆነው በኦሃዮ ስቴት ሜዳ፣ ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት 14 ለ 7 ተሸነፉ። ከወረወራቸው 30 ኳሶች የተያዙለት 17 ብቻ ናቸው። አንዱን ባላጋራ ቀማው። ሲያሞግሱት የከረሙትም ወዲያው ይነቅፉት ጀመር። ጥፋቱ ቶሎ የመዘኑት ሰዎች ይመስለናል።

በዚያው ዓመት በኅዳር፣ እስከዚያ ቀን በውድድሩ ያልተሸነፈውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 27 ለ 17 ሲረቱ፣ ያው ልጅ ኳሱን ራሱ ይዞ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ።