የሙያ ትምህርት፦ አዲስ የሞተር ብሎክ ከመገጣጠሙ በፊት

በመጠለያ ጣቢያ ውኃ የሚስበው ፓምፕ፣ እህል የሚፈጨው ወፍጮ፣ ሕመምተኛ የሚያመላልሰው መኪና ሁሉም የሚኖሩት በሞተር ነው። ብሎኩ የተሰነጠቀ ሞተር አዲስ ብሎክ ያስፈልገዋል፤ አዲስ ብሎክ ደግሞ ውድ ነው፣ ከሩቅም ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት፣ ቀን ከሌት ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሞተር አዲስ ብሎክ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመለከታለን።

«አዲስ ስለሆነ ንጹሕ ነው፤ ይገጠም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከፋብሪካ የወጣ ብሎክ የቅርጽ ማውጫ አሸዋ፣ የብረት ፍቅፋቂና የዝገት መከላከያ ቅባት ሊኖርበት ይችላል። ይህ ቆሻሻ ከዘይት ጋር ከዞረ አዲሱን ሞተር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበላሸዋል።

1ኛ/ ጠርዝ መሞረድ። በብሎኩ ውስጥና ውጭ ያለውን ሹል ጠርዝ በሞረድ እናለዝባለን። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ቦታ ነውና። የሲሊንደሩን ግድግዳና የቴስታታውን መቀመጫ ግን ሞረድ አይንካቸው።

2ኛ/ ቀዳዳዎችን መክፈት። የዘይት መተላለፊያ መዝጊያዎችን በሙሉ እንፈታለን። የብሎን ቀዳዳ ጥርሶችንም እናጸዳለን። መጨረሻቸው በተዘጋ ቀዳዳዎች ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ከቀረ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

3ኛ/ መለካት። እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ እንለካለን፤ ይኸውም በክራንክሻፍቱ አግድምና ቁመት ነው። ስድስቱ ልኮች ከተለያዩ ሲሊንደሩ ክብነቱን ወይም ቀጥተኛነቱን አጥቷል ማለት ነው። የቴስታታው መቀመጫ ደልዳላ መሆኑንም በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና በስስ መለኪያ እንፈትሻለን።

4ኛ/ ሆኒንግ። ግድግዳው ላይ የሚቀሩት የተጠላለፉ ጭረቶች ዘይት ይይዛሉ፤ ፋሻውም ከግድግዳው ጋር እንዲለማመድ ያደርጋሉ። የቴስታታ ብሎኖች ሲጠብቁ ሲሊንደሩን በትንሹ ያጣምሙታል። ስለዚህ ለከፍተኛ ጉልበት በሚሠሩ ሞተሮች ላይ፣ ቴስታታውን የሚተካ ወፍራም ሳህን በብሎን ታስሮ ሆኒንግ ይደረጋል።

5ኛ/ የፋሻ ክፍተት። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተን፣ በተገለበጠ ፒስቶን ገፍተን ቀጥ ካደረግን በኋላ በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እንለካለን። እንደ መነሻ የሚወሰደው ለ100 ሚሊሜትር የሲሊንደር ስፋት 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚገኘው የቶዮታ 1ኤችዜድ ሞተር ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በዚህ ስሌት 0.38 ያህል ይመጣል። የፋብሪካው መጽሐፍ ካለ ግን የሚታዘዘው እሱ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጫሉ፤ ፋሻው ይሰበራል፤ ግድግዳውንም ይቧጥጣል።

6ኛ/ ማጠብ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። ናፍጣና ቤንዚን ቅባት ያሟሟሉ እንጂ ከሆኒንግ የቀረውን የድንጋይ ብናኝ ጠርገው አያወጡም። የሚያወጣው ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ነው። እያንዳንዱን የዘይት መተላለፊያ በቀጭን ብሩሽ እናሻለን፤ በንጹሕ ውኃ እናለቀልቃለን፤ በአየር እናደርቃለን። ከዚያም ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ በግድግዳው ላይ እናሻለን። ጨርቁ ከጠቆረ እጥበቱ ይደገማል። ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ብረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ሊጀምረው ስለሚችል ወዲያውኑ ዘይት እንቀባዋለን።

7ኛ/ የክራንክሻፍቱ መቀመጫ። ክዳኖቹ ከብሎኩ ጋር አብረው የተቦረቦሩ ስለሆኑ ቦታቸው አይቀያየርም። ስለዚህ ከመፍታታችን በፊት ቁጥራቸውንና አቅጣጫቸውን ምልክት እናደርጋለን። ስንገጥማቸውም በመጽሐፉ ልክ እናጠብቃለን።

በካኩማና በመሰል ደረቅ ቦታዎች አቧራ የሞተር ጠላት ነው። ብሎኩን ነፋስ በሚነፍስበት ደጅ አንገጥምም። ወለሉን ውኃ እንረጫለን፤ ሥራ ስናቆምም ብሎኩን በንጹሕ ፕላስቲክ እንሸፍናለን። ለእጥበት አንድ ቀን ቢጠፋ፣ ውኃ ቀጂዎች በደረቀ ቧንቧ ሥር ተሰልፈው ከሚውሉት ቀናት ያንሳል።

የመልመጃ ጥያቄዎች
ሀ/ ናፍጣ ብቻውን ብሎክ ለማጠብ የማይበቃው ለምንድን ነው?
ለ/ በተዘጋ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ ፈሳሽ ቢቀር ምን ሊደርስ ይችላል?
ሐ/ የሲሊንደሩ ስፋት 90 ሚሊሜትር ቢሆን የፋሻው ክፍተት መነሻ ስንት ይሆናል?