እንደገና የተሳለ ካምሻፍት ለአሮጌ ሞተር

አንድ ቮልስዋገን ዳገት ሲይዝ ጉልበት ቢያጣ፣ ከበስተኋላውም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ቢያሰማ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ካንዴላውን ወይም ካርቡራተሩን ነው። እነዚህ ተለውጠው ድምፁ ካልጠፋ፣ የተስተካከሉትም ቫልቮች በጥቂት ቀን ውስጥ እንደገና ከላሉ፣ ጥርጣሬው ወደ ካምሻፍቱ ይዞራል። ያን ጊዜ ሁለት ምክር ይቀርባል፤ አዲስ መግዛት፣ ወይም ያለውን አስልቶ መልሶ ማስገባት። በአገራችን ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ሞተርን ማቆየት የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ሁለተኛው ምክር መቼ እንደሚያዋጣ መመርመሩ የሚገባ ይመስለኛል። የኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ገጽ ቢያልፉት አልቀየምም።

ካምሻፍት ማለት ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ጉብታው ታፔት የሚባለውን አጭር ብረት ይገፋል፤ ታፔቱ ረጅሙን ዘንግ፣ ዘንጉ ሮከሩን፣ ሮከሩም ቫልቩን ገፍቶ ይከፍታል። ጉብታውን ከጎኑ ብናየው እንቁላል ይመስላል፤ ክቡ ወገን ጀርባው፣ ሹሉ ወገን ጫፉ ነው። የሚያልቀው በአብዛኛው ጫፉ ነው፤ ቫልቩን የሚመልሰው ሞላ በብርቱ የሚጫነው በዚያ ላይ ነውና።

እንግዲህ አንድ እንቆቅልሽ ይነሣል። ያለቀ ብረት ላይ ሌላ ብረት ተፍቆለት ቁመቱ እንዴት ይመለሳል? መልሱ፣ ቫልቩን የሚያነሣው የጉብታው ጠቅላላ ቁመት ሳይሆን በጫፉና በጀርባው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጫፉ 0.4 ሚሊሜትር ቢያልቅ፣ ጀርባውንም 0.4 ብንፍቀው ልዩነቱ እንደ ፊተኛው ይሆናል። (ጫፉም ራሱ ለመስተካከል ጥቂት ስለሚነካ የጀርባው ቅናሽ በተግባር ከዚህ ይበልጣል።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስ እነ ኤድ ኢስከንደሪያን ይህንኑ ብልሃት ለእሽቅድድም ተጠቅመውበታል፤ ፎርድ ከ1932 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሠራው ቪ-8 ሞተር ካምሻፍቱን እየሳሉ ቫልቩ ከፋብሪካው ልክ በላይ እንዲከፈት ያደርጉ ነበር። የእኛ ፍላጎት ግን ያንን ያህል አይደለም፤ ዳገቱን መውጣት ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ጀርባው ሲሳሳ ታፔቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የቮልስዋገን ሮከር እንቅስቃሴውን 1.1 ጊዜ ስለሚያበዛው፣ 0.4 የነበረው ቅናሽ በቫልቩ ዘንድ 0.44 ሚሊሜትር ክፍተት ይሆናል። ይህን በሮከሩ ላይ ያለው ብሎን ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለ ብሎን የሌላቸው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ታፔት ያላቸው ሞተሮች ግን የሚሸፍኑት መጠን ውሱን ነው። ሌላው ችግር የብረቱ ቆዳ ነው። የጉብታው ገጽ እንደ ዳቦ ቅርፊት ከላይ ጠንካራ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሞረዱ ቅርፊቱን ዘልቆ ለስላሳው ላይ ከደረሰ፣ አዲሱ ጉብታ ከአሮጌው ፈጥኖ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሳለውን ሁለተኛ ማሳል እኔ አልመክርም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የታፔቱ ነገር ነው። ብዙ ሰው ካምሻፍቱን አስልቶ አሮጌዎቹን ታፔቶች መልሶ ያስገባል፤ ቁጠባ መስሎት። የታፔቱ ፊት ጠፍጣፋ ይምሰል እንጂ መካከሉ በጥቂቱ ያበጠ ነው፤ ጉብታውም በጥቂቱ ዘንበል ያለ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ታፔቱ በቦታው ላይ ይሽከረከራል፤ በመሽከርከሩም በአንድ ወገን ብቻ አያልቅም። አሮጌው ታፔት መካከሉ ስለ ጎደጎደ መሽከርከሩን ትቶ አዲስ የተሳለውን ጉብታ ይበላዋል። ለመለየት ሁለቱን ታፔቶች ፊት ለፊት አጋጥሞ ወደ ብርሃን መያዝ ነው፤ ደህና ከሆኑ በዳር በዳራቸው ብርሃን ያሳልፋሉ፣ በእጅም ሲነኩ ይወዛወዛሉ።

ይህ በቮልስዋገን ላይ ለምን እንደሚከብድ ልግለጥ። ስምንቱን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሱት አራት ጉብታዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ጉብታ ፊት ለፊት ላሉት ሁለት ሲሊንደሮች ያገለግላል። አንድ ሲበላሽ ሁለት ቫልቭ ይታመማል። ካምሻፍቱን ለማውጣትም ሞተሩ ወርዶ አካሉ ለሁለት መከፈት አለበት። ከዚህም በላይ ይህ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣ የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ከጉብታው የተፋቀው የብረት ብናኝ ወንፊቱን አልፎ የክራንክሻፍቱን መቀመጫዎች ይፈጫል። በታፔት የተቆጠበው ገንዘብ በክራንክሻፍት ይከፈላል ማለት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ደህና አዲስ ካምሻፍት በገበያ ከተገኘ አዲሱ ይሻላል፤ የታፔቱና የእጅ ሥራው ዋጋ በሁለቱም መንገድ አንድ ነውና። ካልተገኘ ይሳል፤ ነገር ግን ከአዳዲስ ታፔቶች ጋር፣ ቶርኖ ቤቱም የአራቱን ጉብታዎች ልክ በጽሑፍ ሲሰጥ ብቻ።

ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። ጉብታዎቹ ቅባት ተቀብተው፣ ሞተሩ እንደ ተነሣ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር መያዝ አለበት፤ ዘይት ወደ ጉብታው የሚደርሰው ከክራንክሻፍቱ እየተረጨ ስለ ሆነ በዝግታ ማሠራት ያስርበዋል። ዘይቱም ዚንክና ፎስፎረስ የበዛበት ይሁን። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስ ኤም የተባለው ደረጃ የጢስ ማጣሪያን ለመጠበቅ ሲል በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ውስጥ ፎስፎረስ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለአዲስ መኪና የሚበጀው ለዚህ አሮጌ ሞተር አይበጅም።

ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ክፍተቱ ይለካ፤ ለ1,600 ሲሲው ሞተር በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ሰፍቶ ከተገኘ ታፔቱ እየተበላ ነው። ክፍተቱ ደህና መሆኑ ግን ጉብታው ደህና ለመሆኑ ምስክር አይሆንም፤ የሚለካው ታፔቱ በጀርባው ላይ ሳለ ነው፣ ጀርባው ደግሞ አያልቅም። የጫፉን ለማወቅ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ እያንዳንዱ ቫልቭ ምን ያህል እንደሚወርድ መለካት ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ እኩል ካነሱ ጥፋቱ የጉብታው ነው፤ ያን ጊዜ መኪናው ከዚያ ሳይነዳ ዘይቱ ወርዶ ሞተሩ ይከፈት።