ዊንዶውስ ሆምን ወደ መሥሪያ ቤት ዶሜን ማስገባት

በወልድያ ወይም በመርሳ ለሚሠሩበት ቢሮ አዲስ ላፕቶፕ ተገዛ እንበል። ከነባሮቹ ኮምፒውተሮች ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ዶሜን ሊያስገቡት ሲሞክሩ «ዶሜን» የሚለው ምርጫ ደብዝዟል፤ ቢጫኑትም አይሠራም። ላፕቶፑ አልተበላሸም፤ የተጫነበት ዊንዶውስ «ሆም» የተባለው ለቤት አገልግሎት የተዘጋጀው ዓይነት ስለሆነ ነው።

ዶሜን ማለት ሠራተኞችና ኮምፒውተሮች በአንድ መዝገብ ታውቀው በአንድ ቦታ የሚተዳደሩበት ኔትወርክ ነው። መዝገቡ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይባላል፤ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ጋር ያወጣው ነው። መዝገቡን የሚይዘው ሰርቨር ደግሞ ዶሜን ኮንትሮለር ነው። ዋና ቢሮው ወልድያ፣ ቅርንጫፉ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው መርሳ የሚገኝ ተቋም ሁለቱን ቢሮዎች በኔትወርክ ካገናኘ፣ ከወልድያ ወደ መርሳ የተዛወረች ሠራተኛ በዚያው ስሟና የይለፍ ቃሏ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሥራ ስትለቅም ፈቃዷ አንድ ቦታ ሲዘጋ በሁሉም ይዘጋል።

በዚህ መዝገብ የሚመዘገበው ሰው ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩም የራሱ አካውንትና የራሱ የይለፍ ቃል ይኖረዋል። ሆም ይህን አባልነት የመቀበል ችሎታ አልተሰጠውም፤ ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤጁኬሽን የተባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ግን አላቸው። የእርስዎን ለማወቅ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«አር» ጋር ይጫኑና «ዊንቨር» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ሆም ከሆነ ሕጋዊ የፕሮ ቁልፍ ይግዙ፤ በዊንዶውስ 11 ከሴቲንግስ ወደ ሲስተም፣ ከዚያ ወደ አክቲቬሽን ገብተው ያስገቡት። ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም፤ ፋይሎችና ፕሮግራሞች ባሉበት ይቆያሉ። ቢሆንም አስቀድመው ባክአፕ ይያዙ።

ፕሮ ከሆነ በኋላ ኮምፒውተሩ ዶሜን ኮንትሮለሩን ማግኘት አለበት። የሚፈልገው በስሙ ነው፤ ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት ዲኤንኤስ ይባላል። የኢንተርኔት ዲኤንኤስ የቢሮዎን የውስጥ ስም አያውቅም። ስለዚህ በኔትወርክ ቅንብሩ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ዲኤንኤስ አድራሻ ያስገቡ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የዶሜን ኮንትሮለሩ የራሱ አድራሻ ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱን ይመልከቱ። ዶሜኑ ማንነትን የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ በተባለ ሥርዓት ነው። ኬርቤሮስ አሮጌ ፈቃድ ተሰርቆ ዳግም እንዳይሠራ ሲል በኮምፒውተሩና በዶሜን ኮንትሮለሩ ሰዓት መካከል በመደበኛው ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይፈቅድም። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት በኮምፒውተሩ 9:00 ነው። ማሽኑን ከእጅ ሰዓቱ ጋር ለማስማማት 3:00 ያደረገ ሰው 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም መግባት ሊከለከል ይችላል። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ በሚለው፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት በሚቀድመው፣ ላይ ያድርጉና ሰዓቱን ያስተካክሉ።

አሁን ቀድሞ ደብዝዞ የነበረውን «ዶሜን» የሚለውን ምርጫ ይጫኑና የዶሜኑን ስም ይጻፉ፤ ኮምፒውተር የማስገባት ፈቃድ ባለው አካውንት ያረጋግጡና ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ።

ለፕሮ ከመክፈልዎ በፊት ግን ፍላጎትዎን ይለዩ። የጋራ ፎልደር ለመክፈት ብቻ ከሆነ ሆም ይበቃዎታል፤ የዶሜን ስምና የይለፍ ቃልዎን ሲጠየቁ ማስገባት ነው። ኮምፒውተሩ ከማዕከል እንዲተዳደር ከተፈለገ ግን ፕሮ ግድ ነው። በሚቀጥለው ግዥ «ዊንዶውስ ፕሮ» የሚለውን በዝርዝር መግለጫው ላይ ከወዲሁ ያስጽፉ።