ቶሎ የሚደርስ የፈረንጅ ሱፍ ዘርን ስለ መምረጥ

ዝናም ፈጥኖ በሚያቋርጥበት ወይም ውርጭ ቀድሞ በሚወርድበት አገር የዘሩ መልካምነት ብቻውን አይበቃም፤ በወቅቱ የሚደርስም መሆን አለበት። የፈረንጅ ሱፍ አበባው አምሮ ፍሬው ሳይሞላ ጊዜው ካለፈበት፥ ገበሬው ድካሙንም ዘሩንም አጣ ማለት ነው።

ይህ ተክል ጥንተ ትውልዱ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ኋላ ወደ አውሮጳ ተሻግሮ በሩስያ አገር የዘይት እህል ሆነ። በ1870ዎቹ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች ከሩስያ ወደ ካናዳ ሲፈልሱ ዘሩን ይዘው ሄዱ። በካናዳ ሜዳ ከውርጭ ነጻ የሆነው ወራት በብዙው ስፍራ ከ100 እስከ 120 ቀን ያህል ነው፤ ዘግይቶ የሚደርሰው ዘር በዚህ ጊዜ ውስጥ አይበስልም። ስለዚህ በ1937 በሳስካቱን ከተማ ዘር የመምረጥ ሥራ ተጀመረ፤ ለሥራውም ከእነዚያ ሰዎች ጓሮ የተገኘው ዘር መነሻ ሆነ። በ1946ም የገበሬዎች ማኅበር በአልቶና የዘይት መጭመቂያ አቆመ።

በመምረጥ ጊዜ ሦስት ነገር ማስተዋል ይገባል።

፩ኛ፤ ንብ የአበባውን ብናኝ ከእርሻ ወደ እርሻ ታመላልሳለች። ስለዚህ የተመረጠው ዘር ዘግይቶ ከሚደርሰው ርቆ ካልተዘራ ይደባለቃል፤ የብዙ ዓመት ሥራም በአንድ ክረምት ይበላሻል።

፪ኛ፤ ቀድሞ ያበበ ሁሉ ቀድሞ አይበስልም፤ የማበቡም የመብሰሉም ቀን ተቈጥሮ ይጻፍ። ደግሞ እጅግ የሚፈጥነው ተክል አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ፍሬው ጥቂት ነው። የሚፈለገውም ከሁሉ የፈጠነው አይደለም፤ ወቅቱ ሳያልፍበት ብዙ የሚያፈራው ነው።

፫ኛ፤ የአንድ ተክል መልካምነት ከመሬቱ ልምላሜ ወይም ከዳር ከመቆሙ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሩስያው ሊቅ ቫሲሊ ፑስቶቮይት በክራስኖዳር ይህን የፈታው እንዲህ ነው፤ የእያንዳንዱን ራስ ፍሬ ለብቻው ከፍሎ እኩሌታውን ዘርቶ ይፈትናል፥ እኩሌታውን ያስቀምጣል። ልጆቹ መልካም ሆነው የተገኙትን ብቻ ካስቀመጠው ዘር አውጥቶ፥ ከሌላው አርቆ በአንድነት ይዘራቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይዳቀላሉ።

እንግዲህ የየወረዳው ሹማምንት አስቀድመው የአገራቸውን የዝናም ቀን ይቊጠሩ። ከሩቅ የመጣው ዘር ቶሎ ይደርሳል ቢባልም፥ ከነባሩ ዘር አጠገብ በጥቂት መደብ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይፈተን ለገበሬ አይታደል። በመደብ ላይ የጠፋ ዘር ጥቂት ነው፤ በገበሬው ማሳ ላይ የጠፋ ግን የአንድ ቤት የዓመት ምግብ ነው።