ልጁ እምቢ አለን ወይስ አቃተው?

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤

ሕፃናትን የማስተማር አደራ ተሰጥቶናል። ከምናስተምራቸውም መካከል ትናንት ያጠናውን ዛሬ የሚረሳ፣ ተቀመጥ ሲባል የሚነሣ፣ ደጋግሞ ተመክሮ ደጋግሞ የሚያጠፋ ልጅ አይታጣም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ባለጌ ነው» ብሎ ከክፍል ማስወጣት ቀላል ነው። ነገር ግን ጥጋብ የሚመስለን ነገር አንዳንድ ጊዜ ልጁ ገና ሳይወለድ በመጠጥ ምክንያት የደረሰበት ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል? እናት በጠጣችው ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ከደሟ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የፅንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ አልኮሉን ቶሎ ማስወገድ አይችልም። አንጎል ደግሞ በዘጠኙም ወራት ስለሚያድግ በማናቸውም ወር ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ፖል ሌሟን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም መጠጥ ከሚያዘወትሩ ወላጆች ስለተወለዱ 127 ሕፃናት ጻፉ። በ1973 ደግሞ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች ለጉዳቱ ስም አወጡለት። ዛሬ ሐኪሞች ለፅንስ የማያሰጋ የመጠጥ መጠን አይታወቅም ይላሉ። የሶምሶን እናትም ከሚያሰክር መጠጥ ሁሉ እንድትጠበቅ በመልአክ መታዘዟን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 እናነባለን። ትእዛዙ ልጁ ናዝራዊ ስለሆነ ቢሰጥም፣ የልጅ ጥበቃ ከማኅፀን እንደሚጀምር ያስታውሰናል።

ከተጎዱት ልጆች አንዳንዶቹ ቁመታቸው ያጥራል፣ የላይኛው ከንፈራቸውም ይሳሳል። ብዙዎቹ ግን በመልካቸው ምንም ምልክት የለባቸውም። የሚቸገሩት በማስታወስ፣ ልብ ብሎ በማዳመጥ፣ በሒሳብና ድርጊታቸው የሚያስከትለውን አስቀድሞ በመገመት ነው። ልጁ አጥርቶ ሲናገር ሁሉም የገባው ይመስለናል። ትናንት የተቀጣበትን ምክንያት ከዛሬው ሥራው ጋር ማያያዝ ስለሚያቅተው ግን ቅጣት ብቻውን አያርመውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዘዘው። «ደብተርህን አስቀምጠህ፣ ጫማህን አድርገህ ተሰለፍ» ከማለት፣ መጀመሪያ ደብተሩን ያስቀምጥ፤ ከዚያ ቀጣዩን እንንገረው።

2ኛ/ ጸሎቱ፣ መዝሙሩና ትምህርቱ በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት ተራ ይሁን። ልጁም ከበርና ከጫጫታ ርቆ በለመደው ቦታ ይቀመጥ።

3ኛ/ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕልና በእንቅስቃሴ እናስተምረው፤ ሳንሰለችም እንድገምለት።

4ኛ/ ሲበሳጭ የሚያውቀው አንድ መምህር ጸጥ ወዳለ ስፍራ ይውሰደው። በደንብ የሠራውን ትንሽ ነገር እንኳ እናመስግነው።

5ኛ/ እኛ ሐኪሞች አይደለንም። መርሳት ከረሃብ፣ ከጆሮ ወይም ከዓይን ሕመምም ይመጣል። ስለዚህ ወላጆች ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት በትሕትና እናሳስብ። እናቲቱን ግን «ጠጥተሽ ነበር ወይ?» ብለን አንመርምራት። ጠላን እንደ ምግብ ቆጥራ የጠጣች፣ ማርገዟንም ገና ያላወቀች እናት ብዙ ናት። ወቀሳችን እርሷን ካሸሸ ልጁም አብሮ ይሸሻል።

ጉዳቱ ፈጽሞ አይድንም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 በሲያትል የወጣ ጥናት፣ ከ6 ዓመቱ በፊት ችግሩ የታወቀለትና በተረጋጋ ቤት ያደገ ልጅ በኋላ ኑሮው የተሻለ እንደሚሆን አመልክቷል። እንግዲህ ታግሦ የሚያስተምረው ማግኘት ለዚህ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ድርሻ አለን። በማኅበርና በድግስ ላይ ነፍሰ ጡር እኅታችንን «ትንሽ ቅመሺ» ብለን አናስገድዳት፤ ውኃ ወይም ያልፈላ ብርዝ እናቅርብላት።

ለመወያያ፦ በክፍላችን «አስቸጋሪ» የምንለው ልጅ ማን ነው? በሚቀጥለው እሑድ ማን አጠገቡ ይቀመጣል?

ሕፃናትን የሚወድ አምላክ ትዕግሥቱን ያድለን። አሜን።