ከስብሰባ ወደ ምላሽ፦ የወረዳ ምክር ቤት አባል ከመራጩ ሕዝብ ጋር የሚገናኝባቸው አዳዲስ መንገዶች

መግቢያ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በአስተዳደሩ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 12 በበኩሉ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ያረጋግጣል። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ በመደረጉ በአገር አቀፍ ደረጃ ለውድድር የቀረቡት መቀመጫዎች ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በቁጥር ሲታይ፣ ተወካይ ለነዋሪው የዚያን ያህል የቀረበበት ጊዜ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የተወካይ መብዛት ብቻውን ውክልናን አያጠናክርም። በተጨማሪም በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዝሟል። የምርጫ ጊዜ ሲርቅ መራጩ ተወካዩን የሚመዝንበት ዋነኛ መሣሪያ ከእጁ ይወጣል። ስለዚህ በሁለት ምርጫዎች መካከል የምክር ቤት አባሉን ከነዋሪው ጋር የሚያስተሳስረው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ይህ አጭር ጽሑፍ በሥራ ላይ የዋሉና ሊውሉ የሚችሉ የግንኙነት መንገዶችን ይፈትሻል። መከራከሪያውም የአንድ መንገድ ዋጋ የሚለካው በሰበሰበው ሰው ብዛት ሳይሆን ለተነሣው ጥያቄ ምላሽ ይዞ በመመለሱ ነው የሚል ነው።

የተለመደው ስብሰባ ውስንነት

የቀበሌ ስብሰባ ነባርና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መድረክ ነው። ሆኖም ሦስት ድክመቶች ይታዩበታል። አንደኛ፣ አጀንዳው በአብዛኛው ከላይ የሚወርድ በመሆኑ ነዋሪው የሚጠራው ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት፣ ስለ ጤና መድኅን መዋጮ ወይም ስለ ተፋሰስ ሥራ ሊሰማ እንጂ ሊጠይቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ አገልግሎት ሰጪውና ተገልጋዩ በአንድ አዳራሽ ሲቀመጡ የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። ድጋፍ በሚያከፋፍለው ሰው ፊት አሠራሩን መንቀፍ ዋጋ ያስከፍለኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ዝምታን ይመርጣል። ሦስተኛ፣ የተነገረው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ወደ ላይ ይላካል፤ ወደ ጠያቂው ግን አይመለስም። ከሦስቱ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምላሽ ያላገኘ ሰው በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ቢገኝም ለመቆጠር እንጂ ለመነጋገር አይደለም።

የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ

ለእነዚህ ድክመቶች መልስ ለመስጠት ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2002 ኬር የተባለው ድርጅት በማላዊ ለጤና አገልግሎት ማሻሻያ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 በሙከራ ደረጃ በተጀመረው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም አማካይነት በትምህርት፣ በጤና፣ በግብርና፣ በውኃና በገጠር መንገድ ዘርፎች ሥራ ላይ ውሏል።

አካሄዱን በጤና ጣቢያ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየቡድናቸው ተቀምጠው የመድኃኒት አቅርቦቱን፣ የወረፋውን ጊዜና የባለሙያውን አቀባበል በነጥብ ይመዝናሉ። የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ለብቻቸው ራሳቸውን ይመዝናሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ውጤታቸውን ይዘው ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚያሳይ የጋራ የማሻሻያ ዕቅድም ያወጣሉ። በዚህ ሂደት ቅሬታው የአንድ ደፋር ተናጋሪ መሆኑ ቀርቶ የቡድን ውጤት ይሆናል። የምክር ቤት አባሉም ጽሕፈት ቤቱን የሚከላከል ወይም የሚከስ ሳይሆን የዕቅዱ ተከታታይ ይሆናል፤ በወረዳው አቅም ያልተፈታውንም ወደ ምክር ቤቱ ጉባኤ ያቀርባል።

ሕዝቡ ወዳለበት መሄድ፦ የዕድር ምሳሌ

ሌላው መንገድ አዲስ ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ ነዋሪው ራሱ ወደመሠረተው መድረክ መሄድ ነው። ዕድር ቋሚ አባላት፣ የተመረጠ ሰብሳቢ፣ መደበኛ መዋጮና የታወቀ የስብሰባ ቀን አለው። አባላቱ የሚመጡት በጥሪ ደብዳቤ ሳይሆን በራሳቸው ጉዳይ ነው። የምክር ቤት አባል በሰብሳቢው ፈቃድ፣ የዕድሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜ ጥያቄ ቢቀበል በአዳራሽ የማይሰማውን ሊሰማ ይችላል። የሴቶች ዕድር ባለበት አካባቢም በጠቅላላው ስብሰባ የማይወጣ ድምፅ ይገኛል።

ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ተከራዮች፣ አዲስ መጤዎችና መዋጮ መክፈል የማይችሉ ድሆች ከዕድር ውጭ ሊሆኑ ስለሚችሉ ዕድርን ብቻ ያዳመጠ ተወካይ መላውን ነዋሪ አዳምጧል ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ ዕድር የሚከበረው ለቀብርና ለመረዳዳት የቆመ በመሆኑ ነው፤ የፖለቲካ ቅስቀሳ መድረክ ከተደረገ ተወካዩ የፈለገው አመኔታ ራሱ ይጠፋል። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ላይ የነበረው ጥርጣሬ ለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የቴሌግራም ቡድንም ለወጣቱና ለከተማ ነዋሪው ፈጣን ቢሆንም፣ ስልክና ኔትወርክ የሌለውን ሰው ስለሚተው ደጋፊ መንገድ እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

«አይቻልም» ማለትም ምላሽ ነው

የምክር ቤት አባል ለሁሉም ጥያቄ መፍትሔ ሊያመጣ አይችልም። ወረዳው ከክልሉ የሚያገኘው ጥቅል በጀት አብዛኛው ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ ስለሚውል ለአዲስ ግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚህ ሁኔታ የሚሰጥ ባዶ ተስፋ ከዝምታ ይልቅ ይጎዳል። አንድ ነዋሪ የተበላሸው የውኃ ነጥብ ዘንድሮ የማይጠገንበትን ምክንያት፣ ጉዳዩን የያዘውን ጽሕፈት ቤትና በጀቱ እንደገና የሚታይበትን ጊዜ ካወቀ፣ ጥያቄው ባይፈታም የሚከታተልበት መንገድ አለው። የበጀት መረጃ በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በቀላል ቋንቋ ሲለጠፍ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የምላሽ አስፈላጊነት በሌላ አገር ተሞክሮም ታይቷል። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው አሳታፊ በጀት የታወቀው ነዋሪዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ሥራዎች በመምረጣቸው ነው። ሆኖም ዓመታዊው ዑደት አስተዳደሩ ባለፈው ዓመት የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን ለነዋሪዎች ሪፖርት የሚያደርግበትንም መድረክ ያካተተ ነበር። አዲስ ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ለቀድሞው መልስ ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት መንገዶች በቅርጽ ቢለያዩም የሚጸኑትም ሆነ የሚከሽፉት በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ይኸውም ጥያቄው ወደ ጠያቂው ተመልሶ መምጣቱ ነው። የውጤት ካርዱ ክትትል ካልተደረገበት ሌላ ቃለ ጉባኤ ይሆናል፤ የዕድር ጉብኝቱም ሁለተኛ ጊዜ ካልተደገመ እንግድነት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሕዝብ ተሳትፎን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የተሰብሳቢውን ቁጥር ከመመዝገብ አልፈው ስንት ጥያቄ ቀረበ፣ ስንቱ ምላሽ አገኘ፣ ምላሹስ በስንት ጊዜ ውስጥ ለራሱ ለጠያቂው ደረሰ የሚሉትን መመዘኛዎች ቢጠቀሙ የምክር ቤቶችን ሥራ በትክክል ለመመዘን ያስችላቸዋል። ለምክር ቤት አባሉም ቀላሉ መነሻ ባለፈው ስብሰባ የተነሡትን ጥያቄዎች ዝርዝር ከነምላሻቸው ይዞ ቀጣዩን ስብሰባ በእነርሱ መክፈት ነው።