ከአባቶች የተቀበልነውን መርምሮ ስለ መያዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ሃይማኖቱን የሚቀበለው ከእናቱ ጡት ጋር ነው። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ይጠመቃሉ፤ አፋቸውን ሲፈቱ ስመ ሥላሴን ይማራሉ፤ እጃቸው ሲጠና ማማተብን ይለምዳሉ። ይህ በምንም ዋጋ የማይገዛ ጸጋ ነው። ነገር ግን ከዚህ ከከበረ ርስት ጋር ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ይወረሳል። የሰፈር ወሬ፣ የዘመድ ቂም፣ የዘመን ፍርሃት፣ የገዢዎች ፈቃድ፣ ሁሉም በአንድ አገልግል ተከተው «የአባቶቻችን ሃይማኖት» በሚል ስም ይሰጡናል። ልጁ አድጎ አገልግሉን በከፈተ ጊዜ የትኛው እንጀራ፣ የትኛው ድንጋይ እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ «ዝም በል» ብንለው ድንጋዩን ሲጥል እንጀራውንም አብሮ ይጥለዋል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የተወረሰውን ነገር መመርመር ክሕደት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ሃይማኖትን የሚጠብቅ ሥራ እንደ ሆነ ከመጽሐፍ፣ ከሕይወታችንና ከቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ አንሥተን እንመለከታለን።

1ኛ/ ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ

ቅዱስ ጴጥሮስ የአይሁድን ሥርዓት ከአባቶቹ ተቀብሎ ያደገ ሰው ነበረ። ከአሕዛብ ጋር መብላትና ወደ ቤታቸው መግባት ነውር መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። በኢዮጴ ከተማ በሰገነት ላይ ሲጸልይ ግን በአራት ማዕዘን የተያዘ ታላቅ ጨርቅ ከሰማይ ሲወርድ አየ፤ በውስጡም ልዩ ልዩ እንስሳት ነበሩ፤ አርዶ እንዲበላም ታዘዘ። እርሱ ግን ርኩስ ነገር ቀምሶ እንደማያውቅ ተናግሮ እምቢ አለ። ራእዩ ሦስት ጊዜ ተደገመለት (የሐዋ. ሥራ 10፥9-16)።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ሐዋርያው የወረሰውን ነገር የመረመረው በጸሎት ላይ ሳለ ነው። ምሥጢሩም ወዲያው አልተገለጠለትም፤ በልቡ እያወጣና እያወረደ ሳለ የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች ከደጅ ደረሱ። ሄዶ አሕዛብን ካጠመቀ በኋላም ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በወንድሞቹ ፊት የሠራውን ሁሉ በተራ አስረዳ (የሐዋ. ሥራ 11፥1-18)። በዚህ ሁሉ ከሃይማኖቱ አንዲት ነገር አልጎደለችበትም። የፈረሰው በእርሱና በወንድሙ መካከል የነበረው ግድግዳ ብቻ ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ያው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ። ቅዱስ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው (ገላ. 2፥11-14)። ከዚህ የምንረዳው፣ እውነትን ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን ሰውን ሳይፈሩ በእውነት መኖር ሌላ ነገር መሆኑን ነው።

2ኛ/ በፊደል ቤት ያየነው

እኛም ይህን በራሳችን አይተነዋል። በልጅነታችን በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን «ቡዳ ነው» እያሉ መሸሽ የተለመደ ነበር። ልጅ ሲታመም የቀጥቃጩ ዓይን አግኝቶት ነው ይባላል። ማረሻውን እናሠራዋለን፤ በገበታችን ግን አናስቀምጠውም። ይህንንም የሚያደርጉት ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ፣ ኪዳን የማይታጎልባቸው ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ከሃይማኖቱ የወጣ መስሎን ኖርን።

አንድ ቀን የመንደሩ ቀጥቃጭ ልጁን ፊደል ሊያስቆጥር አመጣው። ልጁ ከእኛ መካከል ሊቀመጥ ሲል ሁላችንም ተነሥተን ራቅን። የኔታ ይህን አይተው ዝም አሉ። ቆየት ብለው ከተሰቀለበት ጸናጽሉን አውርደው፣ «ልጆች፣ ይህን ማን ሠራው?» አሉን። «ቀጥቃጭ» አልን። «ከበሮውንስ ማን ለጎመው?» «ፋቂ» አልን። «የቅዳሴውን ልብስስ?» «ሸማኔ» አልን። «እንግዲያው በእነርሱ እጅ ሥራ እግዚአብሔርን ስታመሰግኑ ቡዳው አልያዛችሁም? ጌታችንስ በምድር ሳለ የጸራቢ ልጅ ተብሎ አልተጠራምን?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ መልስ ካጣን በኋላም ከዚያ ልጅ አጠገብ ሄዶ የተቀመጠ ከመካከላችን አንድ ስንኳ አልተገኘም። እናቶቻችንን ፈራን። ልጁ ሦስት ቀን ብቻውን ተቀምጦ ተማረ፤ በአራተኛው ቀን ቀረ፤ ከዚያም በኋላ አልተመለሰም። ምናልባት መሪጌታ ይሆን ነበር፤ ምናልባት ለመቅደስ ይመረጥ ነበር። እርሱን ያስቀረው ሃይማኖታችን አልነበረም፤ በሃይማኖታችን ስም የያዝነው ልማድ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ አፍን ቢዘጋ ልብን አይከፍትም፤ ልብን መክፈት የመምህራን ሥራ ነው።

3ኛ/ የኒቅያ ነው የተባለው ቀኖና

ምናልባት አንባቢ «የቡዳው ነገር የሰፈር ልማድ ነው፤ በመጽሐፍ የተጻፈውንስ መመርመር ይገባልን?» ይል ይሆናል። ለዚህ ከገዛ ቤታችን ታሪክ የሚበልጥ ምስክር የለም።

በፍትሐ ነገሥት ስለ ሊቃነ ጳጳሳት በተነገረበት በ4ኛው አንቀጽ፣ የኢትዮጵያ ሰዎች ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል መርጠው ፓትርያርክ እንዳይሾሙ የሚከለክል ቃል ይገኛል። ይህም በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የደነገጉት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህ ምክንያት ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሶቻችን ከግብፅ ይመጡ ነበር። አንዱ ሲያርፍ ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ፤ በዚያን ጊዜ ክህነት የሚሰጥ፣ ታቦት የሚባርክ አይገኝም። መጥቶም የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ ብዙ ነበር። አባቶቻችን ይህን ሁሉ የታገሡት የሠለስቱ ምዕትን ቃል ላለማፍረስ ነበር። ትዕግሥታቸውም ከእምነት የተነሣ ስለ ሆነ ልንነቅፈው አይገባንም።

ጥያቄው ግን አልቀረም። የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተደረገ ሲሆን፣ የታወቁት ቀኖናዎቹ 20 ናቸው፤ ይህ ቃል ከእነርሱ መካከል የለም። የሚገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ በዐረብኛ ተሰብስበው የኒቅያ ናቸው በተባሉት ሌሎች ቀኖናዎች ውስጥ ነው። ደግሞም ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው በ328 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አቡነ ሰላማን ጵጵስና የሾማቸውም እርሱ ነው። እንግዲህ ጉባኤው በተደረገ ጊዜ ለአገራችን ገና ጳጳስ አልተሾመላትም ነበር። ያልተሾመ ጳጳስ ስለሚገዛው አገር ያን ያህል ዝርዝር ሕግ እንዴት ሊወጣ ይችላል?

ይህን የጠየቁ ሰዎች ቅዱስ ማርቆስን አልካዱም፤ ከእስክንድርያ ጋር ያለውን የሃይማኖት አንድነትም አላፈረሱም። በመጠየቃቸው ግን በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ተብለው ተሾሙ። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጠላት ጥይት የወደቁት ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ከእነዚያ ከአራቱ አንዱ ነበሩ። እንግዲህ ጥያቄው ባይጠየቅ ኖሮ ይህን ሰማዕት በጳጳስነት ባላገኘነው ነበር።

4ኛ/ የዘመን ፖለቲካ የሃይማኖትን ልብስ ሲለብስ

ነገር ግን መርማሪ ሁሉን አስተካክሎ መመርመር አለበት። በዚያ ጥያቄ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጥቅም ብቻ ሳይሆን የዘውዱም ጥቅም ነበረበት፤ መንግሥት በግዛቱ ውስጥ የሌላ አገር ሥልጣን እንዳይኖር ይሻ ነበር። የደገፈን ክንድ መልካም ሲሆን ደስ ይለናል፤ ቤተ ክርስቲያንን በዚያ ክንድ ላይ ተደግፋ እንድትኖር ማስለመድ ግን አደገኛ ነው። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. በወደቀ ጊዜ ይህ ታየ። በ1968 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በአዲሱ መንግሥት ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በሕዝቡ ላይ በግድ በጫነ ጊዜ የፈሰሰውን የአባቶቻችንን ደም ዘወትር እንተርካለን፤ መተረካችንም ተገቢ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ግን በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የተገደዱበትን ታሪክ ስንቶቻችን አስተምረናል? የመጀመሪያውን ስንተርክ ሁለተኛውን የምንዘልለው ስለ ምንድን ነው? በእኛ ላይ ሲደረግ ግፍ የነበረው ነገር እኛ ስናደርገው ጽድቅ ሊሆን አይችልም። ጥምቀት የፈቃድ ናት፤ በሰይፍ የተገኘ አማኝ ለቤተ ክርስቲያን ምስክር አይሆናትም።

በቅርቡ ዘመናችንም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አንዲቱ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ኖራለች። በአሜሪካ ከተሞች በአንድ ሰፈር የአገር ቤቱ፣ የስደተኛው፣ የገለልተኛው እየተባለ ምእመናን ተለያዩ። በሁሉም ዘንድ የሚነበበው ጸሎተ ሃይማኖት አንድ ነበር፤ የሚጾመው ጾም፣ የሚቀደሰው ቅዳሴም አንድ ነበር። የተለያየው የመንግሥት ለውጥ ያመጣው ነገር ነበር። ሁሉም ግን ስለ ሃይማኖት የቆመ ይመስለው ነበር። በ2010 ዓ.ም. ዕርቁ በተፈጸመ ጊዜ የተወገዘ ኑፋቄ፣ የታረመ ትምህርት አለመኖሩ ይህን ያረጋግጣል።

5ኛ/ የጠያቂና የተጠያቂ ሥርዓት

እንግዲህ የወረስነውን ሁሉ በአንድ ሚዛን አንመዝን። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሃይማኖት ናቸው፤ አይለወጡም። ሥርዓት ሃይማኖትን የሚጠብቅ አጥር ነው፤ ሲያስፈልግ ሥልጣን ባለው ጉባኤ ይታያል። ልማድ ከእነዚህ በታች ነው፤ ፍቅርን ከረዳ ይኑር፣ ፍቅርን ከገደለ ይቅር። የመንግሥታትና የወገን ነገር ግን ከመቅደስ ውጭ ይቁም።

የምትጠይቅ ምእመን ሆይ፣ እንደ ጴጥሮስ በጸሎት ላይ ሆነህ ጠይቅ። አስቀድመህም ልብህን መርምር፤ ጾሙ ስለ ከበደህ ነውን ወይስ እውነቱን ስለ ፈለግህ? ያወቅኸውን ይዘህ ለብቻህ አትሂድ፤ እርሱ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ወጣ አንተም ወደ መምህራን ቅረብ።

እናንተም ካህናት አባቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ጥያቄን ሁሉ ክሕደት አትበሉት። የመጻሕፍት ጉባኤ ቤታችን በጥያቄ የተሠራ ቤት ነው፤ ሊቃውንቱ አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ወገን ሲተረጉሙ ከእግራቸው ሥር የተቀመጠው ተማሪ እየጠየቀ ያድጋል። ይህን በጉባኤ ቤት የፈቀድነውን በአውደ ምሕረት ስለ ምን እንከለክላለን? ያላወቅነውን «ከሚበልጡኝ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለት ማዕርግን አያዋርድም። በ1960ዎቹ ዓመታት ብዙ ወጣቶች ስለ ድሀውና ስለ መሬቱ ሲጠይቁ ከእኛ ወገን ያገኙት ብዙ ጊዜ ግሣጼ ነበር፤ መልሱንም ከሌላ ደጅ ፈለጉ፤ ከእነርሱም ያልተመለሱ አሉ።

ያን የቀጥቃጭ ልጅ ዛሬም እናስበዋለን። የጠየቁን መምህር ነበሩን፤ እውነቱንም ሰምተን ነበር፤ የጎደለን ተነሥቶ ከአጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ጥያቄ ይዞ ብቻውን የተቀመጠ አይጠፋም። አራተኛው ቀን ሳይደርስ ሄደን ከአጠገቡ እንቀመጥ።

የምናውቀውን እንድናደርገው፣ የማናውቀውንም በትሕትና እንድንጠይቅ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።